ዳኞቹ ድምፄን ሰሙ፤ አዘጋጆቹ እናቴን ፈለጉ

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ከአያቴ ጋር ነው የምንከታተለው፤ እኔ አነባለሁ፣ እሷ እየፈተለች ትሰማለች። ይህን ደብዳቤ ግን ከእሷ ተደብቄ ነው የምጽፍልዎ።

ዕድሜዬ 22 ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ካፌ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ እሠራለሁ። መዝፈን የጀመርኩት በልጅነቴ ነው፤ በሰፈራችን ሠርግ ሲኖር አምባሰል እንድዘፍን የምጠራው እኔ ነበርኩ። ባለፈው ዓመት በቴሌቪዥን ለሚተላለፍ የድምፅ ውድድር ተመዘገብኩና ሁለት ዙር አለፍኩ። የዚያን ቀን ደስታዬ ወደር አልነበረውም።

እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ እናቴ በቤት ሠራተኝነት ቤይሩት ሄደች። ወንድሜ ገና ጡት መጣሉ ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ ስትመለስ አእምሮዋ ታውኮ ነበር። አንዳንድ ቀን ማናችንንም አታውቅም፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ደህና ሆና ቡና ታፈላለች፣ ፀጉሬን ትሠራኛለች። አያቴ እስከ ዛሬ ከሰው ዓይን ሰውራ ነው የያዘቻት።

የውድድሩ ቅጽ ላይ «በሕይወትዎ ያጋጠመዎት ትልቁ ፈተና ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ነበር። ስለ እናቴ አንድ መስመር ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ ከአዘጋጆቹ አንዱ በየቀኑ ይደውልልኛል። መልካም ሰው ነው። የእናቴ መድኃኒት ያለቀ ጊዜ ከኪሱ ገዝቶ ልኮልናል። ከወር በፊት ግን የቀረጻ ባለሙያዎች አስከትሎ ቤታችን ድረስ መጣ። አያቴ እንቢ አለች፤ ነገር ግን ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ከደጅ መመለስ ከብዷት አስገባቻቸው፣ ቡናም አፈላችላቸው። እናቴን ደጃፍ ላይ እንደተቀመጠች ቀረጿት። እሷ ፓስፖርቷን ሊመልሱላት የመጡ ሰዎች መስለዋት ደጋግማ «አመጣችሁልኝ?» ትላቸው ነበር።

እኔን ሁለት ሰዓት ያህል ጠየቁኝ። ስለ ዘፈን የጠየቁኝ አንድም ነገር የለም። በመጨረሻ ሳለቅስ አዘጋጁ «አሁን ገና መጣሽልኝ» አለኝ። በዚያው ምሽት ብዙ ገጽ ያለው ወረቀት ፈረምኩ፤ ደክሞኝ ስለነበር አላነበብኩትም፣ ቅጂም አልሰጡኝም።

አሁን በሚቀጥለው ዙር እናቴን መድረክ ላይ እንዳቀርባት ይፈልጋሉ። አዘጋጁ «ድምፅ ያላቸው ብዙ ናቸው፤ አንቺ ግን ታሪክ አለሽ። እናትሽን የምትወጂ ከሆነ አሸንፊና አሳክሚያት» ይለኛል። እውነቱን ለመናገር ሽልማቱ ለሕክምናዋ ይበቃል። አያቴ ደግሞ «ገበናዬን ለአገር ካሳየሽ እኔና አንቺ አንተያይም» ብላለች። ወንድሜ ከቀረጻው ወዲህ አያናግረኝም። የተቀረጸው ከሦስት ሳምንት በኋላ ይተላለፋል። እንቢ ካልኩ ይጥሉኛል ብዬ፣ ውለታ በልም እንዳልባል እፈራለሁ። እሺ ካልኩ ደግሞ እናቴን የሸጥኳት ይመስለኛል። ምን ላድርግ?

በአምባሰል የምትጽናናው፣ ከኮምቦልቻ

መልስ

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ሁልጊዜ የምቆመው ግን አንድ ቦታ ላይ ነው። እናትሽ ካሜራ ይዘው የመጡትን ሰዎች «አመጣችሁልኝ?» ያለችበት ላይ። በሊባኖስ ብዙ አሠሪዎች የቤት ሠራተኛዋ ገና ከመድረሷ ፓስፖርቷን ወስደው ይቆልፉበታል፤ ከፋላ በሚባለው ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ስለሆነ ቤቱን ጥላ ብትወጣ ሕገ ወጥ ትሆናለች። እናትሽ በእነዚያ ስድስት ዓመታት ምን እንዳየች አንቺም እኔም ሙሉውን አናውቅም። የሚታወቀው ግን ይህ ነው፦ የሚቀርጿት ሰዎች እነማን እንደሆኑ፣ ለምን እንደመጡ፣ ምስሏን ማን እንደሚያየው አልገባትም። ያልገባትን ነገር ፈቅዳለች ሊባል አይችልም። አንቺም ያቺን ቃሏን ሳትረሺ ለእኔ ማድረስሽ ይህ ስለከነከነሽ ይመስለኛል።

«እናቴን የሸጥኳት ይመስለኛል» ብለሻል። አንቺ ያደረግሽው ተጠይቀሽ ቅጽ ላይ አንድ መስመር እውነት መጻፍ ነው። ያንን መስመር ይዞ ቤታችሁ ድረስ የመጣው ሌላ ሰው ነው። ሕልሟ ደጃፍ ላይ የቆመች ልጅ፣ አልቅሳ በደከመችበት ምሽት፣ ብዙ ገጽ ወረቀት ሲቀርብላት ብትፈርም እኔ የምጠይቀው ወረቀቱን በዚያ ሰዓት ያቀረበውን ነው።

ስለዚያ ሰው ትንሽ እናውራ። መልካም ነው ብለሻል፣ ሊሆንም ይችላል። መድኃኒቱን የገዛው ከልቡ አዝኖ ሊሆን ይችላል። እንጀራው ግን ሰው ከቴሌቪዥኑ ፊት እንዳይነሣ የሚያደርግ ታሪክ ማምጣት ነው። ያዘነልሽ ሰውና ታሪክሽን የሚፈልገው ሰው አንድ ሆነው ነው የመጡብሽ። የከበደሽም ለዚህ ነው፤ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እንቢ ለማለት ይህን ያህል ባልተጨነቅሽ ነበር። እስቲ በአንድ ነገር መዝኚው፦ በየቀኑ ሲደውል ከቆየበት ጊዜ ውስጥ ስለ አዘፋፈንሽ የደወለው ስንት ቀን ነው? ትንፋሽሽ የሚያጥርበትን ቦታ፣ ለሚቀጥለው ዙር የመረጥሽውን ዜማ፣ ከባንዱ ጋር የምትለማመጅበትን ሰዓት ጠይቆሽ ያውቃል? መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብሽም። ለራስሽ መልሺው።

ያደግነው ውለታ በሚከበርበት ቤት ነው፤ ውለታ በል መባል እንዴት እንደሚያስፈራ አውቃለሁ። ስለዚህ ውለታውን እርሺው አልልሽም። መድኃኒት የገዛልሽ ሰው አንድ ቀን ቢቸግረው ካለሽ ላይ ታካፍይዋለሽ፤ ደመወዝ ስትቀበዪም ገንዘቡን ልትመልሺለት ትችያለሽ። ግን የመድኃኒት ውለታ በእናት ምስል አይከፈልም። ያ ሰው ራሱ ይህን ያህል ዋጋ ልጠይቅ ብሎ አስቦ ባይሆንም እንኳ አሁን እየጠየቀ ያለው ይህንን ነው። አያትሽም ደጃፍ ላይ እንቢ ብለው ነበር። እንቢታቸውን ያስጣላቸው አሳማኝ ነገር ሰምተው አይደለም፤ እንግዳ አክባሪነታቸው ነው። ቡና የቀረበለት ሰው የቡና ተጋባዥ ሆነ እንጂ የቤቱን ሰው ለመቅረጽ ፈቃድ አላገኘም። እንቢ ያለች አሮጊት በይሉኝታ ስትሸነፍ አይቶ ካሜራ ማብራት ያሳዝነኛል፤ ያስቆጣኛልም።

ደግሞ «አሁን ገና መጣሽልኝ» የሚለው ቃል አለ። ሁለት ሰዓት ሙሉ እፊቱ ተቀምጠሽ ነበር። እስክታለቅሺ ድረስ የት ነበርሽ?

የእንዲህ ያለ ቀረጻ አሠራር ምን እንደሚመስል ልንገርሽ፤ ማወቁ በሚቀጥለው ጊዜ ይጠቅምሻል። ጠያቂው ከካሜራው ጎን ይቀመጣል፤ ጥያቄው በቅንብር ጊዜ ተቆርጦ ይወጣል፣ የሚቀረው ያንቺ መልስ ብቻ ነው። ተመልካቹ ሁለት ሰዓት መጎትጎትሽን አያውቅም፤ ራስሽ ፈልገሽ የተናገርሽው ይመስለዋል። መልስሽን ስትጨርሺ ጠያቂው ወዲያው አይቀጥልም፤ ዝም ይላል። ዝምታ ስለሚያስጨንቅ ሰው ሊናገር ያላሰበውን ይጨምራል። ያው ጥያቄ በሌላ ቃል ተመልሶ ይመጣል። ሥራው ወደ ማታ ይገፋል፤ የደከመውና የራበው ሰው እንባው ቅርብ ነው። ከዚያ ሁለቱ ሰዓት ወደ ሁለት ደቂቃ ይጨመቃል፣ ከሥሩ ዋሽንት ይገባበታል፣ ምናልባትም በሌላ ሰዓት የተቀረጸ የዳኛ ፊት ይቀጠልበታል። ትልልቆቹ የውጭ አገር ውድድሮች ከዚህም በላይ ይሄዳሉ፦ ተወዳዳሪው ዳኞቹ ፊት ከመቆሙ በፊት አዘጋጆች ብቻ ባሉበት ይመዘናል፣ ታሪኩም ያኔ ይለቀማል፤ ለተመልካች ግን ከመንገድ ቀጥታ የገባ ይመስለዋል።

ስኮትላንዳዊቷን ሱዛን ቦይልን ሰምተሽ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2009 በእንግሊዝ የተሰጥዖ ውድድር ላይ ስትቀርብ 47 ዓመቷ ነበር። ከመዝፈኗ በፊት ቴሌቪዥኑ የሚሳለቁ ፊቶችን እየመረጠ አሳየ፤ አፏን ስትከፍት ደግሞ የደነገጡትን። ምስሏ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከመቶ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታየ፤ ጋዜጠኛው ሁሉ ደጇ ላይ ሰፈረ። በግንቦት መጨረሻ በፍጻሜው ሁለተኛ ወጣች፣ በማግስቱም በድካም ዝላ ለንደን ውስጥ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥ ክሊኒክ ገባች። ኋላ ተነሥታለች፤ በዚያው ዓመት የወጣው አልበሟ በሚሊዮኖች ተሸጧል። ይህን የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም። እሷ እንኳ፣ ፈልጋና መርጣ የገባችው፣ ያን ያህል ከበዳት። እናትሽ ግን ለውድድር አልተመዘገበችም። መብራቱን፣ ጩኸቱን፣ በሺህ የሚቆጠር ዓይኑን በምን አቅሟ ልትሸከመው ነው?

በእንግሊዝ በፕሮግራሞች ላይ የሚቀርቡ ሰዎች ስለሚደርስባቸው ጉዳት ብዙ ክርክር ከተካሄደ በኋላ፣ የብሮድካስት ተቆጣጣሪው ኦፍኮም ከሚያዝያ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ ደንብ አውጥቷል። ጣቢያዎች በመሳተፋቸው ሊጎዱ የሚችሉ ሰዎችን ደህንነት መጠበቅ አለባቸው፤ ሊደርስ የሚችለውንም ጉዳት አስቀድመው መንገር አለባቸው። የዚያ አገር ደንብ አንቺን አይመለከትሽም። ነገር ግን «እኛ የምንሠራው በመላው ዓለም እንደሚሠራው ነው» ብሎ የሚነግርሽ ሰው ካለ፣ የዓለሙ አሠራር ራሱ እንደተወቀሰና እንደተገራ እወቂ።

በአገራችንም መከላከያ የለም ማለት አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለሕዝብ እንዳይታይ ይደነግጋል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። አንቺ የፈረምሽው ስለ ራስሽ ነው፤ የእናትሽን ምስል አንቺ በእሷ ስም አሳልፈሽ መስጠትሽ በሕግ ይጸናል ወይ የሚለውን የሕግ ባለሙያ ውሉን አይቶ ሊመልስልሽ ይገባል። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለአቅመ ደካሞች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣሉ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ለአንቺ ቅርብ ነው፤ ደሴ ሄደሽ ጠይቂ። ነገሩ ካልተስተካከለ ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን አቤት ማለት ይቻላል። ከሁሉ በፊት ግን ደብዳቤ ይቅደም፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ላይ ያልቃል።

ከሦስት ሳምንት የዘገየ ነገር አይረዳሽምና በዚህ ሳምንት ለአዘጋጁ እንዲህ ብለሽ በጽሑፍ ላኪለት፦ «ወንድሜ፣ እስካሁን ስላደረግህልን ሁሉ አመሰግናለሁ። እናቴ ታማሚ ናት፤ የቀረጻው ምንነት ገብቷት አልፈቀደችም። ስለዚህ ምስሏም፣ ስለ ሕመሟ የተናገርኩትም እንዳይተላለፍ እጠይቃለሁ። ወደ መድረክም አትመጣም። ስለ ሙዚቃዬ፣ ስለ ከተማዬና ስለ ሥራዬ ግን በደስታ እናገራለሁ። የፈረምኩትን ውል ቅጂም እንድትልክልኝ እጠይቃለሁ።» ይኸው ነው፤ ማብራሪያ አትጨምሪበት። የላክሽበትን ቀን ያዢ፣ የደብዳቤውንም ቅጂ አስቀምጪ።

መልእክቱን እንዳየ ይደውልልሻል። ያዘነ ድምፅ ትሰሚ ይሆናል፤ «ይህን ያህል ደክሜልሽ» ይልሽ ይሆናል፣ ወይም አለቆቹን ይጠቅስልሽ ይሆናል። መከራከር አይጠበቅብሽም። «የጻፍኩት ላይ ነኝ» ብለሽ ስለሚቀጥለው ልምምድ ጠይቂው። ወደ ቀረጻ ስትሄጂም ብቻሽን አትሂጂ። አክስትም ትሁን ጎረቤት፣ ወይም እንደ ልጅ የምታይሽ የካፌው ባለቤት፣ አንድ ታላቅ ሰው አጠገብሽ ይኑር። ጥያቄ ሲደጋገምብሽ «ይህን መልሻለሁ» ማለት ይፈቀዳል። ዝም ሲሉም አንቺም ዝም ማለት ትችያለሽ። ሲርብሽ ልብላ በያቸው።

ይጥሉኛል ብለሽ ፈርተሻል። ሊጥሉሽ ይችላሉ፤ አልዋሽሽም። ወይም ደግሞ ድምፅሽ እንደማይጣል ዳኞቹ ያውቁ ይሆናል። እነዚህ ውድድሮች እውነተኛ በር ይከፍታሉ፤ ቤተ እስራኤላዊቷ ኤደን አለነ እ.ኤ.አ. በ2018 በእስራኤል አንዱን አሸንፋ በ2021 አገሯን ወክላ ዩሮቪዥን በሚባለው የአውሮፓ የዘፈን ውድድር ላይ ዘፍናለች። በሌላ በኩል አሜሪካዊቷ ጄኒፈር ሃድሰን እ.ኤ.አ. በ2004 ከታወቀው የአሜሪካ ውድድር ሰባተኛ ሆና ተሰናብታ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ኦስካር ተቀብላለች። እንደ እነሱ ትሆኛለሽ ብዬ ቃል ልገባልሽ አልችልም፤ አንዱ መድረክ ሁሉንም እንዳይመስልሽ ብዬ ነው። ስለዚህ ዛሬ ውድድሩን ተይው አልልሽም። ደብዳቤውን ላኪ፣ ልምምድሽን ቀጥይ። እናትሽን ከፕሮግራሙ አናወጣም ካሉሽ ግን እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን የምወጣው ያኔ ነው።

«አሸንፊና አሳክሚያት» የሚለው ቃል ከሁሉ የባሰ የሚጎትትሽ ይመስለኛል፤ ፍቅርሽን ይዞ ነው የሚጎትትሽ። ለጊዜው ሕክምናውንና ሽልማቱን ለያይተሽ ተመልከቻቸው። ሽልማቱን የሚወስደው አንድ ሰው ነው፤ የእናትሽ ሕመም ደግሞ የፍጻሜውን ቀን አይጠብቅም። መድኃኒት እንደምትወስድ ጽፈሻል። ሐኪም ያያት መቼ ነው? መድኃኒቱ ሲያልቅ ስንት ቀን ሳትወስድ ትቆያለች? ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ ቀጠሮ ያዢላትና ስለ ቀረጻውም ለሐኪሙ ንገሪው። አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ከዓረብ አገራት ታመው ለሚመለሱ ሴቶች መጠለያና የሥነ ልቦና ድጋፍ የሚሰጥ አጋር ኢትዮጵያ የሚባል የበጎ አድራጎት ማኅበርም አለ፤ እንደ እናትሽ ያሉትን ተቀብለው የረዱ ሰዎች ናቸውና ምክር ጠይቂያቸው። ይህን ሁሉ ሳታሸንፊም መጀመር ትችያለሽ።

ኀዘንሽን ደብቂ ማለቴ እንዳይመስልሽ። አንቺ የወሎ ልጅ ነሽ፤ ባቲም አምባሰልም የቅኝት ስም ከመሆናቸው በፊት የአገርሽ ስም ናቸው። የእኛ እንጉርጉሮ ሰምና ወርቅ የለበሰው ለጌጥ ብቻ አይደለም። ሰው የቤቱን ጉድ ሳያወጣ የልቡን እንዲያወጣ ነው። ስደት የሄደ ሰው ያለባት ሴት ስለ ወንዝና ስለ ተራራ ታንጎራጉራለች፤ የሰማት ሁሉ የየራሱን ሰው አስታውሶ ያለቅሳል፣ የእሷን ሰው ስም ግን ማንም አያውቅም። እናትሽን አስበሽ ዝፈኚ። ድምፅሽ ሲንቀጠቀጥም ይንቀጥቀጥ። ለማን እንደሆነ መንገር የለብሽም። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት እንዲህ ያለ ፕሮግራም ላይ የአንዲት ተወዳዳሪን የቤት ታሪክ አይቼ አልቅሻለሁ፣ በስልኬም ድምፅ ሰጥቻታለሁ። የታናሽ እህቷን ሕመም እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ምን እንደዘፈነች ግን አላስታውስም። ያቺ ልጅ ዘፋኝ ነበረች፤ ይህን ሳስበው ያመኛል።

ወንድምሽ ዝም ያለው ተቆጥቶ ብቻ አይመስለኝም። ቀረጻው ላይ እሱ አለበት? ፕሮግራሙ በተላለፈ በማግስቱ ትምህርት ቤት የሚሄደው እሱ ነው፤ የክፍል ጓደኞቹን ቃል የሚሰማውም እሱ ነው። ለብቻው ይዘሽው ውጪና አስቀድመሽ ይቅርታ ጠይቂው። ከዚያ ለአዘጋጁ የምትልኪውን አንብቢለት። የራሱን ምስል እንዲያወጡለት ከፈለገ እሱንም ጨምሪበት፤ ዕድሜው ገና ስለሆነ ይህንንም የሕግ ባለሙያውን ጠይቂ።

ደብዳቤሽን ተደብቀሽ ጽፈሻል፤ ይህ ዓምድ ሲወጣ ግን እንደ ልማዳችሁ አያትሽ አጠገብሽ ሆነው ይፈትሉ ይሆናል። ከሆነ ይህችን አንቀጽ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። እናቴ፣ ልጅዎን በዚህ ሁሉ ዓመት አቅፈው ይዘዋታል፤ በሩ ላይ እንቢ ያሉትም ትክክል ነበሩ። የልጅ ልጅዎ ገበናዎን ልታወጣ አልፈለገችም፤ እናቷን ለማሳከም መንገድ ስትፈልግ ሰዎች ያንን መንገድ አሳዩዋት። አንተያይም ያሉትን ቃል ይመልሱላት። አንድ ነገር ደግሞ በትሕትና ልጨምር፦ ሕመሙ ነውር ስላልሆነ፣ ለቴሌቪዥን ባይሆንም ለሐኪም፣ ለሚያምኑት ጎረቤት፣ ለንስሐ አባትዎ ወይም ለሼኽዎ ቢነገር ሸክሙ በእርስዎ ትከሻ ብቻ አይቀርም።

የቀረችው እናትሽ ናት። አዘጋጁ ስለ እሷ ይናገራል፣ አያትሽ ይናገራሉ፣ አንቺ ጽፈሻል፣ እኔም ይኸው ይህን ሁሉ ጻፍኩ። እሷን ግን እስካሁን የጠየቃት ሰው የለም። ደህና የምትሆንባቸው ቀናት እንዳሉ ነግረሽኛል። ከእነዚያ ቀናት በአንዱ፣ ፀጉርሽን እየሠራችሽ ሳለ፣ የመጡት ሰዎች ፓስፖርት ይዘው እንዳልነበረ፣ ለቴሌቪዥን ሊቀርጿት እንደመጡ፣ እንዳይተላለፍ ደብዳቤ እንደላክሽ ንገሪያት። አይግባትም ብለሽ አትለፊያት፤ የሚገባትን ያህል ትስማ። ለሚቀጥለው ዙር ዜማ ያልመረጥሽ ከሆነም ጠይቂያት፦ ቤይሩት ከመሄዷ በፊት፣ አንቺ ትንሽ ሳለሽ፣ ቡና ስትቆላ የምታንጎራጉረው የትኛውን ነበር?